ባቲ ላይ የሚታመመው አምፕሊፋየር፦ ለድምፅ ሥራ ኦሲሎስኮፕ የመረጥንበት አንድ ጉዳይ

ደሴ ላይ ሁለት ሰዓት ሙሉ ያለ ችግር ይሠራል። ባቲ ሲወርድ በሃያ ደቂቃ ጸጥ ይላል። ትንሽ ሲቀዘቅዝ ይነሳል፣ ደግሞ ይጠፋል። ሠርገኛው ጭፈራው ሞቆለት ሳለ ድምፁ ድርግም ሲል አከራዩ የሚሰማውን ነገር መገመት አያቅትም።

አምፕሊፋየሩ ሞንታርቦ የሚያከራይ ሰው ንብረት ነው። ለሠርግ፣ ለመውሊድ፣ ለምርቃት ያከራየዋል። የሠራለት ሰፈራችን ያደገ ልጅ ነው። ደሴ ፒያሳ አካባቢ አንዲት ጠባብ ሱቅ አለችው። የዕለት ጉርሱ የሞባይል ጥገና ነው፣ ልቡ ግን ድምፅ ላይ ነው። እኔ ኮምቦልቻ ውስጥ በኤሌክትሪክ ጥገና ብዙ ዓመት ስለሠራሁ ሲቸግረው ወደኔ ይመጣል።

ሚያዝያ 2017 አንድ ማታ ቤት መጣ። ስልኩ ላይ የኦሲሎስኮፕ (የኤሌክትሪክን ሞገድ ስክሪን ላይ የሚያሳይ መሣሪያ፣ ባጭሩ ስኮፕ) ፎቶ ሰብስቧል።

«አያ፣ ልገዛ ቆርጫለሁ። ባለ 200 ሜጋኸርዙ ይሻላል ወይስ ባለ አራት ቻናሉ?»

«ምን ልታይበት ነው?» አልኩት።

ትንሽ ዝም አለ። ከዚያ «የባቲውን አምፕሊፋየር» አለ።

መልሱን ወደድኩት። ብዙ ልጆች ስኮፕ ሊገዙ ሲነሱ ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን ቁጥር ያወዳድራሉ። የሚያዩትን ነገር ግን አስቀድመው አያስቡም። እኛ መጀመሪያ በሽታውን እንፈልግ፣ መሣሪያውን ከዚያ እንመርጣለን ተባባልን። እንደዚያ በማድረጋችን ገንዘብም ጊዜም ተረፈልን።

ምልክቶቹ

ቦርዱ ቲዲኤ7294 የሚባለው አይሲ (ብዙ ክፍል አንድ ላይ የታጨቀበት ቺፕ) ያለበት ነው። ኤስቲ የሚባለው ኩባንያ ያወጣው፣ በብዙ ርካሽ የአምፕሊፋየር ቦርዶች ላይ የሚገኝ አይሲ ነው። ልጁ ፕላስና ማይነስ 35 ቮልት ሰጥቶታል። በዚህ ቮልት 8 ኦም ስፒከር ላይ ወደ 60 ዋት ያህል ይወጣዋል። ሁለት ቦርድ ገጥሞ ስቴሪዮ አድርጎታል። ሥራው ንጹሕ ነው፤ ሽቦው የተጠቀለለ፣ ሶልደሩ የሚያበራ።

ችግሩ ግን ሂት ሲንኩ፣ የአይሲውን ሙቀት የሚያወጣው ብረት፣ ሙዚቃ ሳይኖርም ይግላል። እጅ አያስቀምጥም። መውጫው ላይ ከ100 ናኖፋራድ ካፓሲተር ጋር ተያይዛ ወደ ግራውንድ (የወረዳው የጋራ ዜሮ ቮልት) የምትወርድ አንዲት 10 ኦም ረዚስተር አለች። እሷ ጠቁራለች። ልጁ ሁለቴ ቀየራት፣ ሁለቴም ጠቆረች። በመልቲሜትር ሲለካ ደግሞ ሁሉም ደህና ነው። መውጫው ላይ የዲሲ ቮልት የለም። የኤሲው ንባብም ዜሮ ነው።

መልቲሜትሩ ሁላችንም ጋ ያለው ትንሹ ዲቲ830 ነው። የዚህ መሣሪያ የኤሲ መለኪያ የተሠራው የግድግዳውን 50 ኸርዝ፣ በሰከንድ 50 ጊዜ የሚወዛወዘውን፣ ለመለካት ነው። ከ450 ኸርዝ በላይ አይታመንም። ስለዚህ ዜሮ ማንበቡ «ምንም የለም» ማለት አልነበረም።

ጆሮም አልረዳንም። የሙከራ ሙዚቃችን በማሲንቆ የተጫወቱት ትዝታ ነበር። ማሲንቆ ደግሞ በተፈጥሮው ሻካራ ነው። ድምፁ ትንሽ የታፈነ መሰለኝ እንጂ ይሄ ነው ብዬ የምጠቁመው ነገር አላገኘሁም።

የባቲው እንቆቅልሽ ግን ወዲያው ተፈታ። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ከጦሳ ተራራ የሚወርደው ብርድ ሱቁ ድረስ ይገባል። ባቲ ቆላ ናት፣ ሚያዝያ ላይ ደግሞ ሙቀቷ ይታወቃል። አይሲው ውስጡ 145 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ራሱን ዝም ያሰኛል። ደሴ ላይ ብርዱ ይሸከምለት ነበር። ባቲ ላይ የሚሸከምለት አጣ። ሁለቱም ቦታ በሽታው አንድ ነው። ሥራ ፈቶ የተቀመጠ አምፕሊፋየር ለምን ይግላል? መፈለግ የነበረብን ይህን ነው።

ትንሿ ስኮፕ ያላየችው

ልጁ ጭራሽ ስኮፕ የለውም ማለት አይደለም። ዲኤስኦ138 የምትባለው አለችው። ሃያ ሠላሳ ዶላር የምትሸጥ፣ ዕቃዋን በራስ እጅ ሶልደር አድርገው የሚገጥሟት ትንሽ ኪት ናት። ራሱ ነው የገጠማት። እኔ እንዲህ ዓይነት ነገር የገጠመ ልጅ ሳይ ደስ ይለኛል። መሣሪያ የሠራ ሰው መሣሪያን ይረዳልና።

ይህች ስኮፕ አንድ ቻናል፣ ማለትም አንድ የምልክት መግቢያ፣ አላት። ባንድዊድዟ፣ በደንብ የምታሳየው የሞገድ ፍጥነት ጣሪያ፣ 200 ኪሎኸርዝ ነው። በሰከንድ አንድ ሚሊዮን ሳምፕል ትወስዳለች፣ ማለትም ሞገዱን አንድ ሚሊዮን ጊዜ ትለካዋለች። የሰው ጆሮ 20 ኪሎኸርዝ ላይ ስለሚያበቃ ለድምፅ ሥራ በደንብ ትበቃለች የሚሉ አሉ። ድምፁን ብቻ ለማየት ከሆነ እውነት ነው። የአምፕሊፋየር በሽታ ግን ጆሮ የሚያቆምበት ቦታ ላይ አይቆምም።

ከስልክ 1 ኪሎኸርዝ ቃና ሰጠነው። ለስላሳው ሞገድ፣ ሳይን ዌቩ፣ ወጣ። መስመሩ ግን እንደ ክር ከመቅጠን ይልቅ ትንሽ ወፍሯል። ልጁ የኪቷ ጥራት ነው ብሎ ካሰበ ቆይቷል። እኔም ያን ማታ «ሊሆን ይችላል» ብዬ አለፍኩ። አሁን ሳስበው ማለፍ አልነበረብኝም።

ሐረጎን የወጣው ስኮፕ

ኮምቦልቻ ጡረታ የወጡ የሙያ አባቴ አሉ። ቤታቸው ባለ 20 ሜጋኸርዝ፣ ባለ ሁለት ቻናል ሂታቺ ስኮፕ አላቸው። ባለ ቱቦው፣ የድሮው ዓይነት ነው። ደውዬ ለመንኳቸው።

«ውሰዱት» አሉኝ። «ግን መኪና ጣሪያ ላይ እንዳትጭኑት። ታቅፋችሁ ውሰዱት።»

«እሺ ጋሼ፣ እንዳሉት እናደርጋለን» አልኳቸው።

ልጁ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሚያወጣውን የሐረጎን ጠመዝማዛ በሙሉ ሚኒባስ ውስጥ ጭኑ ላይ ታቅፎት ወጣ። ሱቁ ሲደርስ ሁለቱም እጆቹ ደንዝዘው ነበር።

ከማብራታችን በፊት ሁለት ነገር አስተካከልን። መጀመሪያ ስፒከሩን ነቀልን። በቦታው የኤሌክትሪክ ምድጃ ሽቦ አስገባን። ባለ 1000 ዋት የምድጃ ሽቦ በ220 ቮልት ሲሰላ 48 ኦም ገደማ ነው። አንድ ስድስተኛውን ቆርጠን 8 ኦም አገኘን፣ ሸክላ ላይ ዘረጋነው። ጎረቤት ሳንረብሽ ሙሉ ኃይል መፈተን የቻልነው በዚህ ነው። ሽቦው እንደሚግል ግን አይዘንጋ፣ ልጅ ባለበት ቤት አይሞከርም።

ሁለተኛው ፕሮቡ፣ ስኮፑን ከወረዳው የሚያገናኘው የመለኪያ ገመድ፣ ነው። ፕሮቡ ላይ ያለችውን ማብሪያ 10 እጥፍ ላይ፣ ምልክቱን አሥር ጊዜ አሳንሶ በሚያሳልፍበት፣ አደረግናት። ይህች ትንሽ ማብሪያ ብዙ ሰው ታሳስታለች። 1 እጥፍ ላይ ሲሆን ፕሮቡ ከ6 ሜጋኸርዝ ገደማ በላይ በደንብ አያሳልፍም። ከዚህ ሌላ ወደ 100 ፒኮፋራድ የሚሆን ሸክም ወረዳው ላይ ይጥላል። ለመወዛወዝ አፋፍ ላይ የቆመን አምፕሊፋየር ይህ ሸክም ብቻውን ሊያወዛውዘው ይችላል። ያኔ ፕሮቡ የፈጠረውን በሽታ የአምፕሊፋየሩ ነው ብሎ ሰው ይለፋል።

ቃና ሳንሰጥ አበራነው። አንድ ቀጭን መስመር መታየት ነበረበት። የታየው ግን ወፍራም አረንጓዴ መቀነት ነው፤ ከስክሪኑ ግራ እስከ ቀኝ የተዘረጋ።

የጊዜውን ቁልፍ እያዞርኩ አፈጠንኩት። በአንድ ካሬ 0.5 ማይክሮ ሰከንድ ላይ ሲደርስ መቀነቱ ተፈታ። ውስጡ የተስተካከለ ሞገድ ነበር። አንዱ ዙር 1.6 ካሬ ይይዛል። ይህ 0.8 ማይክሮ ሰከንድ ነው፣ ማለትም 1.25 ሜጋኸርዝ። ቁመቱ ከጫፍ ጫፍ 6 ቮልት።

ልጁ ስክሪኑ ላይ አፍጥጦ ቀረ። «ይሄ ሁሉ ጊዜ እዚህ ነበር እንዴ?»

ነበር። ጆሮ አይሰማውም፣ መልቲሜትሩም አያነበውም። የምትመሰክረው ያቺ የጠቆረች ረዚስተር ብቻ ነበረች። ወረቀት ላይ አብረን አሰላነው። ከጫፍ ጫፍ 6 ቮልት ኃይል በሚሰላበት መለኪያ፣ በአርኤምኤስ፣ 2.1 ቮልት ነው። በ1.25 ሜጋኸርዝ ካፓሲተሩ 1.3 ኦም ገደማ ብቻ ስለሚሆን ሸክሙ ሁሉ 10 ኦሟ ላይ ይወድቃል። ግማሽ ዋት ሊሞላ ጥቂት የቀረው ኃይል ይደርሳታል። እሷ የሩብ ዋት ናት። እንዴት አትጠቁር!

ትንሿ ስኮፕ ያላየችውም ለዚህ ነው። በሰከንድ አንድ ሚሊዮን ጊዜ ብቻ የሚያይ ዓይን በሰከንድ 1.25 ሚሊዮን ጊዜ የሚወዛወዝን ነገር መከተል አይችልም። ይባስ ብሎ ሌላ ሞገድ ያስመስለዋል። በዚያ ፍጥነት 1.25 ሜጋኸርዙ 250 ኪሎኸርዝ መስሎ ይወጣል። መግቢያዋም 200 ኪሎኸርዝ ላይ ስለሚያንቀው ከሞገዱ የደረሳት ጥቂት ነው። ያ የወፈረ መስመር የዚህ ቅሪት ነበር።

ምን ነክተሃል?

«ቦርዱ ሲገዛ እንዲህ አልነበረም» አልኩት። «ምን ነክተሃል?»

አስታወሰ። አከራዩ ዘፈን በሌለበት ሰዓት ስፒከሩ «ሽሽሽ» ይላል ብሎ አማርሮ ነበር። ልጁ ጌይኑን፣ አምፕሊፋየሩ ምልክቱን የሚያጎላበትን እጥፍ፣ ብቀንሰው ሽሽታው ይቀንሳል ብሎ አሰበ። ወደኋላ በሚመለሰው መስመር ላይ ያለችውን 680 ኦም ረዚስተር አንስቶ 2.2 ኪሎኦም ተካ። ሌላኛዋ 22 ኪሎኦም ናት። ጌይኑ ከ33 እጥፍ ወደ 11 እጥፍ ወረደ። ሽሽታውም ቀነሰ። ሥራው የሠመረ መሰለው።

የአይሲው ዳታሺት (የአምራቹ የመረጃ ወረቀት) ግን ጌይኑ ከ24 ዴሲቤል እንዳያንስ ያዝዛል። ይህ 16 እጥፍ ገደማ ነው። ምክንያት አለው። ጌይን ሲያንስ ከመውጫው ወደ መግቢያው የሚመለሰው ምልክት ይበዛል። የሚመለሰው ሥራው ማረም ነው። ሞገዱ በጣም ሲፈጥን ግን ዘግይቶ ይደርሳል። በጣም የዘገየ እርማት ደግሞ ስህተቱ ላይ ይጨምራል። ያን ጊዜ አምፕሊፋየሩ ማንም ሳያዘው ለራሱ መዝፈን ይጀምራል።

680 ኦሟን መለስን። መቀነቱ ወዲያው ጠፍቶ አንድ ቀጭን መስመር ሆነ። የሽሽታውን ነገር በሌላ መንገድ ፈታነው። ከሚክሰሩ የሚመጣውን ምልክት አምፕሊፋየሩ ውስጥ ከመግባቱ በፊት በሁለት ረዚስተር አሳነስነው። አብዛኛው ሽሽታ ከሚክሰሩ ስለሚመጣ አብሮ አነሰ። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ሂት ሲንኩን ነካሁት። ለብ ብሏል።

የስኮፑ ግራውንድ ሽቦ ያስደነገጠን ቀን

ስኮፑን ከመመለሳችን በፊት ልጁ ሌላ ቦርድ ልይበት አለ። ቲፒኤ3116 ያለበት፣ ዲ ክላስ የሚባለው ዓይነት ነው። ድምፁን ከዴስክቶፕ ኮምፒውተር ሰጠው። የፕሮቡን ጫፍ ከስፒከሩ ፕላስ፣ ጥቁሯን መቆንጠጫ ከስፒከሩ ማይነስ አገናኘ። ብልጭ አለ። ድምፁ ቆመ።

እኔ አጠገቡ ቆሜ ነበር። አስቀድሜ ልነግረው ይገባኝ ነበር፣ አልነገርኩትም። ስለዚህ እዚህ ላይ ረጋ ብዬ ልጻፈው።

የስኮፑ ጥቁር መቆንጠጫ በስኮፑ ውስጥ አልፎ ከግድግዳው መሬት ጋር የተገናኘ ነው። የዚህ ዓይነቱ አምፕሊፋየር ስፒከር ማይነስ ግን ግራውንድ አይደለም። ሁለቱም የስፒከር ጫፎች ኃይል የሚወጣባቸው ናቸው። ኮምፒውተሩም ከመሬት ጋር የተገናኘ ስለሆነ የአምፕሊፋየሩ ግራውንድ በድምፅ ሽቦው በኩል መሬት ላይ ነበር። መቆንጠጫው ሲነካ አንዱ የኃይል መውጫ ቀጥታ ግራውንድ ላይ ወደቀ። ይህ አይሲ ራሱን ከሾርት የሚጠብቅበት ዘዴ ስላለው ዘጋ፣ አጥፍተን ስናበራው ተነሳ። ያ ዘዴ የሌለው ቦርድ ቢሆን በዚያው ቀርቶ ነበር።

ትክክለኛው መንገድ ሁለት ቻናል መጠቀም ነው። አንዱን ፕሮብ ፕላሱ ላይ፣ ሌላውን ማይነሱ ላይ፣ ሁለቱንም መቆንጠጫዎች የቦርዱ ግራውንድ ላይ ማድረግ። ከዚያ አንዱን ቻናል ከሌላው እንዲቀንስ ማዘዝ። እንዲህ አድርገን አየነው። የስኮፑን ገመድ የመሬት እግር ቆርጠው የሚጠቀሙ አሉ። አታድርጉት። የስኮፑ ብረት ቆርቆሮ ሁሉ ኃይል ሊይዝ ይችላል፣ የሚነካው ደግሞ የሰው እጅ ነው።

በዚሁ ቦርድ ላይ ልጁ ሌላ መቀነት አየና ደነገጠ። 400 ኪሎኸርዝ ገደማ የሆነ ቀጭን ሞገድ ሳይን ዌቩ ላይ ተለጥፏል። ይህ ግን በሽታ አይደለም። ዲ ክላስ ራሱ የሚሠራው በዚህ ፍጥነት እየከፈተና እየዘጋ ነው። የማጣሪያው ኮይልና ካፓሲተር ያስቀሩት ቅሪት ነው የታየው።

ምርጫው

ከዚህ ሁሉ በኋላ ስልኩ ላይ ያሉትን ፎቶዎች እንደገና አየናቸው። አሁን የምንፈልገውን እናውቃለን። ጥቂት ሜጋኸርዝ በግልጽ የሚያይ፣ ሁለት ቻናል ያለው፣ አንዱን ቻናል ከሌላው መቀነስ የሚችል፣ ባለ 10 እጥፍ ፕሮብ ያለው።

200 ሜጋኸርዙ ወዲያው ወደቀ። ለድምፅ ሥራ 20 ሜጋኸርዝ እንኳ ብዙ ነው፤ በሽታውን ያገኘንበት ሂታቺ ምስክር ነው። አራት ቻናሉም ወደቀ። መግቢያና መውጫን ጎን ለጎን ለማየት ሁለት ይበቃል።

ያገለገለ ባለ ቱቦ ስኮፕ እንፈልግ ወይ ተባባልን። እኔ እነዚህን ስኮፖች እወዳቸዋለሁ። ሳምፕል ስለማይወስዱ ሐሰተኛ ሞገድ አያሳዩም። ግን ያዩትን አያስቀምጡም፣ ቱቧቸው ይደክማል፣ ውስጣቸው ሺህ ቮልት የሚያልፍ ስለሆነ ሲበላሹ ለልጁ መጠገኑ አደገኛ ነው። ተውነው።

ኮምፒውተር ላይ የሚሰካ ሃንቴክ 6022ቢኢ የሚባል ርካሽ አለ። 20 ሜጋኸርዝ ይላል፣ በሰከንድ የሚወስደው ግን 48 ሚሊዮን ሳምፕል ነው። በአንድ ዙር ከሁለት ሳምፕል ትንሽ ይበልጣል። ሞገዱን ቅርጹን ይዞ ለማየት ቢያንስ አምስት፣ ቢቻል አሥር ያስፈልጋል። ስለዚህ 4 ወይም 5 ሜጋኸርዝ ላይ ያበቃል ብሎ መያዝ ነው። የኛን 1.25 ሜጋኸርዝ ያሳየን ነበር። ልጁ ግን ሱቁ ውስጥ ቋሚ ኮምፒውተር የለውም፣ የዚያ ቀን ኮምፒውተር የጎረቤት ነበር።

አንድ ሻጭ ደግሞ ታብሌት የመሰለ ስኮፕ አሳየን። ካርቶኑ ላይ «100 ሜጋኸርዝ» ተጽፏል። «ሁለቱም ቻናል አብረው ሲሠሩ እያንዳንዱ በሰከንድ ስንት ሳምፕል ይወስዳል?» ብዬ ጠየቅኩ። አያውቅም። መመሪያውም ላይ አልነበረም። ማንም ስኮፕ የሚገዛ ሰው ይህን ጥያቄ ይጠይቅ። ሁለቱን ቻናል ሲያበሩ ፍጥነቱ በግማሽ የሚወርድ መሣሪያ ብዙ ነው።

በባትሪ የሚሠራው በእጅ የሚያዝ ሃንቴክ 2ዲ42 ነበር ልጁን ያማለለው። መብራት ሲጠፋ ይሠራል። ባቲም ሐይቅም ይዞት ይሄዳል። ባትሪ ላይ ሲሆን ከግድግዳው መሬት ጋር ስለማይገናኝ የዚያ ቀኑ ብልጭታ አይደርስበትም። ይህ ትልቅ ነገር ነው። ሁለቱ መቆንጠጫዎች ውስጥ ለውስጥ የተገናኙ ስለሆኑ ግን ጥንቃቄው ሙሉ በሙሉ አይቀርም። ስክሪኑም ትንሽ ነው። ቀኑን ሙሉ ጠረጴዛ ላይ ለሚሠራ ሰው ዓይን ይጎዳል። የመስክ ጥገና ዋና ሥራው ቢሆን ይህን አስገዛው ነበር።

ረጅም የተከራከርንበት ባለ 12 ቢቱ ነው። ሪጎል ዲኤችኦ804፣ 70 ሜጋኸርዝ፣ አራት ቻናል። ተራው ስኮፕ 8 ቢት ነው፤ የስክሪኑን ቁመት በ256 ደረጃ ይከፍለዋል። 12 ቢት በ4,096 ይከፍለዋል። ስክሪኑ ላይ 80 ቮልት ከተዘረጋ 8 ቢቱ ከ0.3 ቮልት ያነሰ ነገር አይለይም፣ 12 ቢቱ 0.02 ቮልት ድረስ ይለያል። የጠራ ምስል ነው፣ እኔም ብችል እሱን እመርጥ ነበር። ልጁ የፈለገው ግን የድምፅ መዛባትን ለመለካት ነው። ዓይን ሳይን ዌቭ ላይ 1 ፐርሰንት መዛባትን እንኳ አይለይም። ጥሩ አምፕሊፋየር ደግሞ ከ0.1 ፐርሰንት በታች ነው። ለዚህ ሥራ ርካሽ የኮምፒውተር ሳውንድ ካርድ ይበልጣል። 16 ቢቱ እንኳ 65,536 ደረጃ አለው። ሩም ኢኪው ዊዛርድ የሚባለው ነጻ ፕሮግራም ላፕቶፕ ላይ ቢጫን መዛባቱን በቁጥር ይናገራል።

አንድ ማስጠንቀቂያ ብቻ። የአምፕሊፋየር መውጫ በቀጥታ ሳውንድ ካርድ ላይ አይገባም፣ ያቃጥለዋል። እኛ 10 ኪሎኦም እና 220 ኦም ረዚስተር ተጠቀምን። 46 ጊዜ ያህል ያሳንሳል። 31 ቮልት ጫፍ 0.7 ቮልት አይሞላም። የስፒከሩ ማይነስ ግራውንድ ላልሆነ አምፕሊፋየር ደግሞ ይህም መንገድ አይሠራም፤ ላፕቶፑ ቻርጅ ላይ ከሆነ ያው የብልጭታው ታሪክ ይደገማል።

ሪጎሉ ከአራት መቶ ዶላር በላይ ነው። ብሩ ከሐምሌ 2016 ወዲህ በገበያ ዋጋ ስለሚመነዘር እያንዳንዷ መቶ ዶላር ለአንድ ጠጋኝ ከባድ ናት። ሃንቴክ ዲኤስኦ2ዲ10 ላይ ተስማማን። ሁለት ቻናል፣ 100 ሜጋኸርዝ፣ በሰከንድ አንድ ቢሊዮን ሳምፕል፣ ዋጋው ከሪጎሉ በጣም ያነሰ። ሁለት ባለ 10 እጥፍ ፕሮብ አብሮት ይመጣል። ይኸው መሣሪያ በትንሽ ዋጋ የሚቀንስ፣ ሲግናል ጀነሬተር (የሙከራ ቃና የሚያወጣው ክፍል) የሌለው ወንድም አለው። ልጁ «ቃናውን ስልኬ ይሰጠኝ የለ? ርካሹን እንውሰድ» አለ።

ስልኩን ስኮፑ ላይ ሰካንለትና 10 ኪሎኸርዝ ስኩዌር ዌቭ፣ ባለ ማዕዘኑን የካሬ ሞገድ፣ እንዲሰጥ አዘዝነው። የወጣው ለስላሳ ሳይን ዌቭ ነው። ልጁ ማመን አቃተው። ስኩዌር ዌቭ ማዕዘኑን የሚያገኘው ከ30፣ ከ50፣ ከ70 ኪሎኸርዝ ጓደኞቹ ነው። ስልኩ በሰከንድ 48 ሺህ ሳምፕል ስለሚያወጣ ከ24 ኪሎኸርዝ በላይ ምንም መስጠት አይችልም። ማዕዘኑ ተቆርጦ ቀረ። 1 ኪሎኸርዝ ላይ ስናወርደው ደግሞ ካሬው ወጣ፣ ግን ጠርዙ ላይ ሽብሽብ አለ። ይህን ሽብሽብ የአምፕሊፋየር በሽታ ነው ብሎ ስንት ሰው ቦርድ ፈትቷል! አምፕሊፋየር ለመወዛወዝ መቅረቡን ከምንም በላይ የሚያጋልጠው ጥርት ያለ ስኩዌር ዌቭ ነው። ስለዚህ ባለ ጀነሬተሩን ወሰድን።

ከመጣ በኋላ

መሣሪያው ከውጭ በሚመጣ ሰው በኩል ሰኔ ላይ ደረሰ። መጀመሪያ ፕሮቦቹን አስተካከልን። ስኮፑ ፊት ላይ 1 ኪሎኸርዝ ካሬ የሚሰጥ መውጫ አለ። ፕሮቡን እዚያ ላይ ሰክቶ ትንሿን ብሎን በማዞር የካሬው ራስ ጠፍጣፋ እስኪሆን ማስተካከል ነው። አንደኛው ፕሮብ ራሱ ወደ ላይ ሾሎ ነበር የመጣው። እንደዚያ ቢቀር ኖሮ እያንዳንዱ ልኬት ይሳሳት ነበር።

ሂታቺውን ኮምቦልቻ መለስነው። አሁንም በጭን። ጋሼ አብርተው መስመሯን አዩና «ደህና ደርሳለች» አሉ።

የመጨረሻው ፈተና የባቲው አምፕሊፋየር ነበር። የምድጃውን ሽቦ ገጠምን። ከጀነሬተሩ 10 ኪሎኸርዝ ካሬ ሰጠን። አንደኛው ቻናል መግቢያውን፣ ሁለተኛው መውጫውን ያሳያል። ካሬው ጥርት ብሎ ወጣ። ልጁ ረጅም የስፒከር ገመድ ሊያመጣ የሚችለውን ጣጣ ለማስመሰል መውጫው ላይ 0.1 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር ጨመረ። ጠርዙ ላይ ሦስት ትንንሽ ሞገዶች ታዩ፣ እያነሱ ሄደው ጠፉ። ምስሉን ፍላሽ ላይ አስቀመጠው።

«680 ኦሟን አውጥቼ 2.2 ኪሎዋን ልመልሳት?» አለኝ። «ልዩነቱን ላየው ነው።»

መለሳት። ሞገዶቹ መጥፋት አቆሙ። እሱንም አስቀመጠው። ከዚያ 680ኗን በቦታዋ ሶልደር አደረጋትና ክዳኑን ዘጋ። ቅዳሜ አከራዩ መጥቶ ወሰደው። እሑድ ባቲ ሠርግ ነበረው። ማታ ለልጁ ደወለለት፤ ከቀኑ ስድስት ሰዓት እስከ ምሽቱ አንድ ሰዓት ሳይጠፋ ውሏል።